ከገላ ቀጥሎ የሚለበሰው

ስለሺ እንጀራውን የሚበላው ሰዎች ጥጥ እንዳይለብሱ በመምከር ነበር። እንዲህ ተብሎ ሲነገር ያስቃል፤ ግን ሐሰት የለበትም። ከዴንቨር አጠገብ ባለችው አውሮራ፣ ሃቫና ስትሪት ላይ ባለ አንድ ትልቅ የስፖርት ዕቃ መደብር ውስጥ የአደን ልብስ የሚሸጥበት ክፍል የእሱ ነው። በጋው አልፎ ቅጠል ቢጫ መሆን ሲጀምር ጢማቸውን ያንዠረገጉ፣ ሆዳቸው ከቀበቷቸው የተረፈ የኮሎራዶ አዳኞች ይጎርፉለታል። ስለሺ በዕድሜው ከዶሮ የበለጠ ነገር ገድሎ አያውቅም። ቢሆንም ኤልክ የሚባለውን፣ ፈረስ የሚያክል ባለ ቀንድ የዱር እንስሳ ለማደን ተራራ የሚወጣ ሰው ምን መልበስ እንዳለበት እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሉ ይዞታል።

ሦስት ድርብ ነው፣ ይላቸዋል። ከገላ የሚያርፈው ስስ ሱፍ ነው፤ ላቡን ከቆዳ እየሳበ ያወጣል፣ ቢረጥብም ሙቀቱ አይጠፋም። ከዚያ በላይ ሙቀት የሚይዝ ወፍራም ሱፍ ወይም ፍሊስ የሚባለው ለስላሳ ሰው ሠራሽ ጨርቅ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ነፋስና በረዶ የማያስገባ፣ ቁጥቋጦና የሽቦ አጥር የማይቦጭቀው፣ ሲራመዱበት የማይንኮሻኮሽ ጃኬት፤ ኤልክ ጆሮው ቀጭን ነውና። አቀበት ሲወጡ ማውለቅ፣ ሲቀመጡ መደረብ። ጥጥ ግን በምንም ተአምር አይለበስም። ጥጥ ላብ ጠጥቶ ቁጭ ይላል፤ ሰውየው ዕረፍት ልውሰድ ብሎ ሲቆም ያ ሁሉ ላብ በረዶ ሆኖ ገላው ላይ ይለጠፋል። ስለሺ እዚህ ላይ ሲደርስ እንደ ሰባኪ ይኮሳተራል። ካልሲያቸው እንኳ የጥጥ ከሆነ ሳያስለውጥ አይለቃቸውም።

እንዲህ ያለው ሰው ነው እንግዲህ፣ በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ ስድስት ዓመተ ምሕረት፣ በጥቅምት ወር በአንድ ቅዳሜ አፉ የተለጎመው።

የመጡት ጋሽ ወልደየስና ባለቤታቸው እትዬ አጸደ ነበሩ። ስለሺ ለእነዚህ ሁለት ሰዎች ያለበት ውለታ ተነግሮ አያልቅም። ዴንቨር የገባ ሰሞን ዘመድ የሚለው አንድ ሰው አልነበረውም። ጋሽ ወልደየስ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ በስስ ሹራብ ሲንቀጠቀጥ አይተው፣ ስሙን እንኳ ሳይጠይቁ ፒዮሪያ ስትሪት አጠገብ ወዳለው ቤታቸው ይዘውት ሄዱ። ያን ክረምት ሳሎናቸው ሶፋ ላይ ተኛ። ሥራ የለመደው፣ መንጃ ፈቃድ ያወጣው፣ በረዶ ላይ መራመድ የተማረው ከእነሱ ቤት ነው። እትዬ አጸደ አረጋውያን ከሚጦሩበት የነርሲንግ ሆም ሥራቸው ደክሟቸው ሲመለሱ እንኳ ከመተኛታቸው በፊት ሳሎን ብቅ ብለው ጋቢውን ያስተካክሉለት ነበር።

ጋሽ ወልደየስን ወደ አደን ያስገባቸው ጎረቤታቸው ዴል ነው። ዴል ጡረታ የወጣ የቧንቧ ሠራተኛ ነው፤ ወገቡን ኦፕራሲዮን ሆኖ በተኛበት ክረምት ጋሽ ወልደየስ ደጁን በረዶ ሲጠርጉለት ከርመው ነበርና፣ ድኖ ሲነሣ ውለታውን የሚመልስበት ሌላ መንገድ አላገኘም። ኤልክ አድናለሁ በሚሉት ጋሽ ወልደየስ ሰፈሩ ሁሉ ሳቀባቸው። እሳቸው ግን ነገሩን የምር ያዙት። ኤርፖርት ሰው ሲያመላልሱ ውለው፣ ማታ የልጅ ልጅ ከሚሆኗቸው የአሥራ ሁለት ዓመት ሕፃናት ጋር ቁጭ ብለው የአደን ትምህርት ተማሩ፤ አለፉም። የማለፊያ ካርዱን ከመንጃ ፈቃዳቸው ፊት አድርገው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት። የንስሐ አባታቸውንም አማከሩ። ካህኑም፣ ያመሰኳል ወይ፣ ሰኮናውስ ስንጥቅ ነው ወይ፣ ብለው ጠየቋቸው። አዎን ሲሏቸው፣ እንግዲያው ነፍሱ ሳትወጣ ደርሰህ በስመ ሥላሴ ባርከህ በቢላ ጨርሰው፣ በጥይት ብቻ የሞተ እንዳትበላ፣ አሏቸው። ጋሽ ወልደየስ ይህችን ምክር በልባቸው ያዟት።

በመደብሩ ውስጥ ነገሩ በደስታ ነው የጀመረው። ስለሺ ጋሼን እንደ ሙሽራ አለበሳቸው። ጃኬቱን አስለክቶ ክንዳቸውን እንዲያነሡ፣ እንዲያጎነብሱ፣ ጠመንጃ እንደያዘ ሰው እንዲያነጣጥሩ አደረጋቸው። ሱሪውን ጉልበቱ ላይ ድርብ የሆነውን መረጠላቸው። ሕጉ የሚያዘውን ብርቱካናማ ሰደርያና ኮፍያ ሲያጠልቁ እትዬ አጸደ መንገድ የሚጠግን ሠራተኛ መሰልክ ብለው ሳቁባቸው። መጨረሻ ላይ ስለሺ ከመደርደሪያው ስሱን የሱፍ ካናቴራ አውርዶ፣ ዋናው ይሄ ነው ሊል አፉን ሲከፍት፣ እትዬ አጸደ ቦርሳቸውን ፈቱ።

ያወጡት እጅጌና ኮሌታ ያለው፣ በስፌት መኪና ቁጭ ብለው የሠሩት ነጭ የውስጥ ልብስ ነበር።

«ከገላው የሚያርፈውስ ይሄ ነው» አሉ። «ጋቢውን ለሁለት ቀድጄ በግማሹ ሰፋሁት። አንተ የተኛህበት ነው እኮ፤ አወቅኸው?»

ስለሺ አወቀው። ጠርዙ ላይ ያለችውን ቀጭን ጥለት ስንት ሌሊት በጣቱ ሲዳስሳት አድሯል። ጨርቁን ሲቀበላቸው ገና ከእጃቸው ሙቀት አልተለየም። ንጹሕ ጥጥ ነው፤ ያውም አራት እጥፍ፣ ላብ ቢጠጣ እንደ ሰፍነግ የማይጠግብ።

«ይሞቀዋል አይደል?» አሉ እትዬ አጸደ።

ጋሽ ወልደየስ ሚስታቸውንም ስለሺንም አዩና ሳቅ አሉ። እሱ የሥራው ባለቤት ነው፣ እሱ ከፈቀደ እኔ ምን አለኝ፣ አሉ።

ስለሺ ሊናገር ፈልጓል፤ እዚህ ላይ አንዋሽበት። ለማያውቀው ሰው ሁሉ በቀን አሥር ጊዜ የሚለው ነገር ነበር። ግን እዚያ ከነደስታቸው በቆሙት ሴትዮ ፊት፣ በእሱ ገላ ላይ ተዘርግቶ የከረመውን ጋቢ ይህ አይረባም ማለት ይሉኝታ ቀፍድዶ ያዘው። ያሳደገኝን እጅ ልሰድብ ነው ወይ፣ ብሎ አሰበ።

«እንዴታ» አለ። «በደንብ ይሞቃቸዋል።»

የሱፉን ካናቴራ አጥፎ ወደ መደርደሪያው መለሰው። ያን ጊዜ እጁ ላይ የተሰማውን የሱፉን ልስላሴ ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ አስታውሶታል።

ማታ እደውላለሁ ብሎ ራሱን አጽናና። ለብቻቸው አግኝቼ እነግራቸዋለሁ፤ ካልሆነም ሱፉን ገዝቼ ዴል መኪና ውስጥ አስቀምጥላቸዋለሁ፣ አለ። ሳምንቱ እንዲሁ አለፈ። ጋሼ ሊሄዱ ሲሉ ደወለ፤ ስልኩን ያነሡት እትዬ አጸደ ሆኑ፤ ላደረገው ሁሉ ሲመርቁት ቆዩ። ስለሺም አሜን አሜን ብሎ፣ ጓንት እንዳይረሱ ንገሩልኝ፣ ብሎ ዘጋ። ከሚያውቀው ሁሉ መርጦ የተናገረው ጓንት ነው።

ተራራው ላይ የሆነውን በኋላ የነገረው ዴል ነው። ጋሽ ወልደየስ ኤልኩን መቱት። ኤልኩ ተንገዳገደና ወደ ጥዱ ውስጥ ገባ። ዴል ቁጭ በል አላቸው፤ የአደን ደንብ ነው፤ የቆሰለ ኤልክ ካላሳደዱት ብዙ ሳይርቅ ይተኛል። ጋሽ ወልደየስ ግን ነፍሱ ሳትወጣ መድረስ አለብኝ ብለው፣ ጓንታቸውን አውልቀው፣ ቢላቸውን ጨብጠው አቀበቱን በሩጫ ያዙት። ስልሳ ዓመት ሊሞላቸው የተቃረበ ሰው የደሙን ጠብታ እየተከተሉ ጉልበት በሚደርስ በረዶ ውስጥ ሮጡ። ላባቸው ጀርባቸው ላይ ይፈስ ነበር። ኤልኩን አላገኙትም። ደመናው ወርዶ በረዶ መጣል ሲጀምር መንገዱ ጠፋቸው፤ ሲደክማቸውም ጥድ ተደግፈው ተቀመጡ። ዴልና ሌሎች አዳኞች ሲያገኟቸው መንቀጥቀጡ እንኳ ትቷቸው፣ ምላሳቸው ተሳስሮ፣ ልጄ በሩን ዝጋው እያሉ ይቀባዥሩ ነበር። በሄሊኮፕተር ወደ ከተማ መጡ። ነፍሳቸው ተረፈች፤ ከቀኝ እጃቸው ሁለት ጣቶች ግን ጫፋቸው ተቆረጠ።

ዴል ይህን ሁሉ የነገረው ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ቆሞ ነው። ዓይኑ ቀልቷል። ነግሮ ሲጨርስ፣ ያን ጥጥ ልበስ ብሎ የፈቀደላቸው ማን ነው፣ ብሎ ጠየቀው።

«አላውቅም» አለ ስለሺ።

መዋሸቱን ሲያውቀው ደነገጠ። ቃሉ ከአፉ የወጣው ሳያስብበት ነበር፤ ግን ከወጣ በኋላ የሚመልሰው ወኔ አልነበረውም። እግሩ ወደ በሽተኛው ክፍል አልሄድ ብሎት ኮሪደሩ ውስጥ ሲንጎራደድ ቆየና ደረጃውን ወርዶ ወደ መኪናው ሄደ። እዚያም መሪውን ይዞ አለቀሰ።

የባሰው ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። ጋሽ ወልደየስ ከሆስፒታል ሲወጡ ቤቱ በጠያቂ ተሞላ። ወይዘሮ ከበቡሽ የምትባል የማኅበራቸው ሴት፣ ነገር አሳምሮ በማውራት የታወቀች፣ ጋቢው ነው ያተረፋቸው፣ ያ ጋቢ ገላቸው ላይ ባይኖር አልቀው ነበር፣ አለች። ሰውም ተቀበላት። ወሬው ኢስት ኮልፋክስ ጎዳና ላይ ካሉት የሐበሻ ምግብ ቤቶች አልፎ ቤተ ክርስቲያን ድረስ ተዳረሰ፤ የእትዬ አጸደ እጅ የተባረከ ነው ተባለ። ጋሽ ወልደየስም ራሳቸውን እየነቀነቁ፣ ልክ ናት፣ ጋቢው ነው ያዳነኝ፣ ይሉ ነበር። እትዬ አጸደ ምንም አይሉም። ስለሺ ዝምታቸውን ትሕትና ነው ብሎ ወሰደው። አሁን እውነቱን ብናገር ይህችን ሴትዮ በእጅሽ ባልሽን ልትገድይው ነበር ማለቴ ነው፣ ብሎ አሰበ። እንዲህ ብሎ ዝምታውን ደግነት አስመሰለው። ሰው ሲፈራ ለፍርሃቱ ስም ማውጣት አይቸግረውም።

መጀመሪያ ላይ ይጠይቃቸው ነበር። እትዬ አጸደ ያቀረቡለትን ምግብ ግን ሳይጨርስ ይነሣል። ጋሼ በተጎዳው እጃቸው ሊያጎርሱት ሲዘረጉ፣ እነዚያን አጫጭር ጣቶች አይቶ አፉን መክፈት ያቅተዋል። ቀስ በቀስ ሥራ በዛብኝ አለ፣ ቀጥሎ ታመምኩ አለ፣ በኋላም ሰበብ ማብዛቱን ትቶ ቀረ። በዓልንም በስልክ እንኳን አደረሳችሁ ብሎ ያልፍ ጀመር። በመደብሩ ግን ጥጥ ላይ የባሰ መረረ። አንድ ደንበኛ የጥጥ ካናቴራዬን አላወልቅም ቢለው ጮኸበትና አለቃው ቢሮ አስጠርቶ ገሠጸው።

እንዲህ ሆኖ ዓመቱ ዞረ። የኢትዮጵያ ሚሌኒየም በዓል ባለፈ በወሩ፣ ስለሺ የጃኬት ማንጠልጠያ ሲያስተካክል ቀና ቢል እትዬ አጸደ ቆመዋል። አጠገባቸው ልጃቸው አዶኒያስ አለ፤ እዚሁ አውሮራ የተወለደ፣ ኮሌጅ የጨረሰ ረጅም ጎልማሳ ነው።

ሰላምታው አጭር ነበር። ዘንድሮ ከዴል ጋር የሚሄደው አዶኒያስ ነው፤ አባቱ የጀመረውን ልጨርስ ብሎ። ጃኬቱንና ሱሪውን ቶሎ ቶሎ መረጠ። እናቱ እንዳይበርደህ ሲሉት፣ «ማሚ፣ አይም ፋይን፣ አትጨነቂ» ብሎ ትከሻቸውን አቀፋቸው። እሳቸውም ጫማ ለካ ብለው ወደ ሌላው ጫፍ ላኩት።

ብቻቸውን ሲቀሩ ቦርሳቸውን ከፈቱ። የጋቢው ሌላኛው ግማሽ ነበር፤ እጅጌና ኮሌታ ወጥቶለት በንጽሕና ተሰፍቷል። ባንኮኒው ላይ ዘረጉት።

«ከገላው የሚያርፈው ይሄ ነው» አሉ። «ይሞቀዋል አይደል?»

ቃሉ ያው ቃል ነው፤ ድምፃቸው ግን ያኔ የነበረው ሳቅ የለውም። ስለሺ ጨርቁን አየ። ራቅ ብሎ ጎንበስ ብሎ የጫማ ክር የሚያስረውን አዶኒያስን አየ። አሥሩም ጣቶቹ አሉ። ብብቱን ላብ አጠመቀው። እንዴታ የምትለዋ ቃል ምላሱ ጫፍ ላይ መጥታ ተቀምጣለች፤ ቀላል ናት፣ ለምዷታል።

«አይልበሰው፣ እትዬ» አለ።

እትዬ አጸደ ቀና ብለው አዩት።

«ጥጥ ነው። ላቡን ይዞ ያስቀረዋል። ያን ጊዜም ማወቁን አውቅ ነበር። ጋሼን የጎዳቸው እሱ ነው፤ የፈቀድኩት ደግሞ እኔ ነኝ። እርስዎን ማስቀየም ፈርቼ ነው። ይቅር ይበሉኝ ለማለት እንኳ አፍ የለኝም።»

ይጮኻሉ ብሎ ጠብቆ ነበር፤ ወይም ያለቅሳሉ ብሎ። እትዬ አጸደ ግን ልብሱን እጅጌውን በእጅጌው ላይ አድርገው በዝግታ አጠፉት።

«ሆስፒታሉ ልብሱን በፌስታል አድርጎ የሰጠው ለእኔ ነው» አሉ። «ቤት ወስጄ አንድ በአንድ አወጣሁት። አንተ የሸጥከው ጃኬት ውስጡ ደረቅ ነው። የመሐሉም ነካ አድርጎት እንጂ አልራሰም። የእኔን ስፌት ግን ሳነሣው ከበደኝ። ብጨምቀው ውሃው መታጠቢያው ላይ ተንዠቀዠቀ። ምን እንዳደረግኩ የገባኝ ያን ዕለት ነው።»

«ታዲያ ዓመት ሙሉ...» አለ ስለሺ።

«ዓመት ሙሉ ሰው ሁሉ እጅሽ የተባረከ ነው ይለኛል። ከበቡሽ ስታወራው መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እወድ ነበር። ለማን ልንገር? ለእሱ እንዳልነግረው እሱ ራሱ ጋቢው አዳነኝ ይላል። የሚያውቅ አንተ ነህ ብዬ በር በሩን ሳይ ከረምኩ። ይመጣና ጥፋቱ የአንቺ ብቻ አይደለም ይለኛል ብዬ። አንተ ጭራሽ መምጣቱን ተውከው።»

ስለሺን ከዚያ በፊት የበላው ጸጸት ሁሉ አሁን ኢምንት መሰለው። የጋሼን ጣት ነበር ሲቆጥር የከረመው። ከጎናቸው ሆና፣ ጥፋቱን ሁሉ ለብቻዋ ተሸክማ የምትመረቀውን ሴት አላያትም። አዝንላታለሁ ብሎ ዝም ሲል ያዘነው ለራሱ ነበር። ይህን እዚያው፣ በተንጠለጠለው ጃኬት ሁሉ መካከል ቆሞ ተረዳው፤ ዕንባውም መጣ።

እትዬ አጸደ ዕንባውን አይተው አላባበሉትም። ለልጄ የሚሆነውን አምጣ አሉት። ስሱን ሱፍ አወረደላቸው። ጉንጫቸው ላይ አድርገው አሹት፤ አያሳክክም ብለው ለራሳቸው አጉተመተሙ። ከዚያ ሒሳብ ሊከፍሉ ሲዞሩ፣ ዛሬ ስንት ሰዓት ትወጣለህ፣ ብለው ጠየቁት። እሑድ እመጣለሁ ሊል ነበር። የእሱን እመጣለሁ ግን ሁለቱም ያውቁታል። አሁን እወጣለሁ አለና አለቃውን አስፈቅዶ፣ የስም መለያውን ከደረቱ ነቅሎ ተከተላቸው።

ፒዮሪያ ስትሪት ያለው ቤት ሲደርሱ ጋሽ ወልደየስ ሶፋው ላይ፣ ያው ስለሺ የተኛበት ሶፋ ላይ ተቀምጠው ነበር። ሲያዩት ደስታቸው ፊታቸው ላይ ሞላ። ጠፋህብን እያሉ ተነሥተው እጃቸውን ዘረጉለት። ስለሺ እጃቸውን ያዘና አልለቀቀውም። እንደ ቆመ፣ ቁጭ በል ሲሉት ሳይቀመጥ፣ ሁሉንም ነገራቸው፤ መደርደሪያው ላይ የመለሰውን ሱፍም፣ ለዴል የዋሸውንም። እትዬ አጸደ የፌስታሉን ነገር ራሳቸው ጨመሩበት። አዶኒያስ የገዛውን ልብስ እንደ ታቀፈ በሩ ላይ ቀርቷል።

ጋሽ ወልደየስ ሲናገሩ ዓይናቸው ሚስታቸው ላይ ነበር።

«ዴል የዚያን ቀን ድንኳን ውስጥ ገና ሳይነጋ ልብሱን አይቶታል» አሉ። «አውልቀው፣ ይገድልሃል ብሎ የራሱን ትርፍ ሱፍ ሰጠኝ። የሚያውቅ ልጅ ፈቅዶልኛል አልኩት። ስለሺ ላይ አሳበብኩ እንጂ ምክንያቴ እሱ አልነበረም። የአንቺ እጅ ነው ብዬ ከገላዬ ማውለቁ አስጠላኝ። በኋላም እውነቱን ሰምተሽ እንዳታዝኚ ብዬ ጋቢው አዳነኝ አልኩ።»

እትዬ አጸደ ሶፋው ጠርዝ ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡ። የታጠፈው ነጭ ልብስ ጭናቸው ላይ ነው። የባላቸውን የተጎዳ እጅ ሳቡና አጫጭሮቹን ጣቶች በመዳፋቸው ሸፈኗቸው።

«ታዲያ ይህን እስክትነግረኝ» አሉ፣ «ዓመት ይፈጃል?»

የጠየቁት ባላቸውን ነበር። ስለሺ ግን መልሱ ከእሱም እንደሚጠበቅ አውቆ፣ አንገቱን ደፍቶ ቆመ።